ጠይቁን፦ ማዲያት የሚበላ ኢንዛይም አለ?

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ «ኢንዛይም ክሬም» እየተባሉ ስለሚሸጡ ቅባቶች ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን ለሰባቱ መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ጉንጬና ግንባሬ ላይ ማዲያት ከወጣብኝ ሁለት ዓመት አለፈው። «ሜላኒንን ከሥሩ የሚያሟሟ ኢንዛይም አለው» ተብሎ አንድ ክሬም ገዛሁ። በእርግጥ ኢንዛይም የቆዳን ቀለም ማጥፋት ይችላል?

መልስ፦ ለቆዳ ቀለሙን የሚሰጠውን ሜላኒንን የሚያፈራርስ ኢንዛይም አለ፤ «ከሥሩ» የምትለዋን ግን ሻጩ ነው የጨመራት። ኢንዛይሙ ሊግኒን ፐርኦክሲዴዝ ይባላል። የሚገኘውም ፋኔሮኬቴ ክሪሶስፖሪየም ከሚባል እንጨት አበስባሽ ፈንገስ ነው። እንጨትን የሚያጠነክረውና ቡናማ መልክ የሚሰጠው ሊግኒን ሲሆን፣ ፈንገሱ ይህንን አፈራርሶ ግንዱን ነጭና ስፖንጅ መሰል አድርጎ ይተወዋል። ኢንዛይሙ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ሜላኒንም እንደ ሊግኒን ሁሉ ወጥ ቅርጽ የሌለው፣ እርስ በርሱ የተቆላለፈ ግዙፍ ሞለኪውል ስለሆነ ያው ኢንዛይም ይደፍረዋል። በዚህ መነሻነት የፊት ክሬም ተሠርቶበት ለገበያ ውሏል።

ችግሩ ኢንዛይሙ የት ድረስ ይዘልቃል የሚለው ነው። ሜላኒን የሚመረተው በላይኛው የቆዳ ክፍል ወለል ላይ በሚገኙት ሜላኖሳይት በሚባሉ ሕዋሳት ነው። አንዱ ሜላኖሳይት ያመረተውን ቀለም በዙሪያው ላሉ 36 ያህል ሕዋሳት ያከፋፍላል። እነዚያም ቀለሙን ተሸክመው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በአራት ሳምንት ገደማ ከላይ ደርሰው፣ ሞተውና ደርቀው ይረግፋሉ። ያ የደረቀው የላይኛው ሽፋን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አያስገባም። በአጠቃላይ ሲታይ ክብደታቸው ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) በታች የሆኑ ሞለኪውሎች ያልፉታል፤ ሊግኒን ፐርኦክሲዴዝ ግን 40,000 ዳልተን ያህል ነው። ስለዚህ የሚያገኘው ላይ ወጥቶ ሊረግፍ የተቃረበውን ቀለም ብቻ ነው። ከታች ምርቱ እንደቀጠለ ነውና ነገሩ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለሉን እንደ መወልወል ይሆናል።

ማዲያት ደግሞ ቀለሙ ወደ ውስጥ የጠለቀ ነው። አንዳንዱ ላይ ከላይኛው ክፍል አልፎ ወደ ታችኛው ቆዳ ወርዶ ይገኛል። ጸሐይና ሆርሞንም በየጊዜው ይቀሰቅሱታል። ክሬሙ በትክክል የተሠራና በትክክል የተያዘ ከሆነ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ የፊትዎን መልክ ትንሽ ገለጥና ወጥ ሊያደርገው ይችላል። ማዲያቱን ግን አያድንም። እስካሁን በሰው ላይ የተደረጉት ንጽጽሮች ጥቂት ሰዎችን የያዙና አጭር ጊዜ የቆዩ ናቸው፤ የታየው ለውጥም መጠነኛ ነው።

ጥያቄ፦ ፓፓያ ውስጥ ቀለም የሚያነጣ ኢንዛይም አለ ሲባል ሰማሁ። የተፈጨ ፓፓያ፣ የሎሚ ጭማቂና ከፋርማሲ የተገዛ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ቀላቅዬ ልቀባ አስቤያለሁ። ምን ያህል ምን ያህል ልጨምር?

መልስ፦ ይህ ውሕድ የሚሠራበት መጠን ስለሌለው ልክ አንሰጥዎትም። የፓፓያው ኢንዛይም ፓፓይን ይባላል። ሥራው ፕሮቲን መቁረጥ ነው፤ ሜላኒን ደግሞ ፕሮቲን አይደለም። ቆዳ ላይ ሲቀባ የሞቱትን ሕዋሳት እርስ በርስ ያያያዙትን ፕሮቲኖች ያላላና የላይኛውን ሽፋን ቶሎ ያስለቅቀዋል። ፊት ለጥቂት ቀናት ጠራ ብሎ የሚታየው ስለተላጠ እንጂ ቀለሙ ስለፈረሰ አይደለም። ከአናናስ የሚገኘው ብሮሜሌይንም ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም።

ሌላም አለ። በበሰለ ፓፓያ ውስጥ ያለው ፓፓይን ጥቂት ነው። በብዛት የሚገኘው ያልበሰለው ፍሬ ልጣጩ ሲጫር በሚወጣው ነጭ ወተት ውስጥ ነው፤ ያ ወተት ደግሞ ቆዳን ይለበልባል። ፓፓይን የሚቆርጥበት ቦታ ላይ ድኝ ያለበት ክፍል አለ፤ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይህን ክፍል ወዲያው ያቃጥለዋል። ስለዚህ ሁለቱን ሲቀላቅሉ ፐርኦክሳይዱ ቀድሞ የሚያበላሸው ሊጠቀሙበት ያሰቡትን ኢንዛይም ይሆናል። ከዚያ በኋላ ፊትዎ ላይ የሚቀረው ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 2 አካባቢ የሆነ የሎሚ አሲድና 3 በመቶ ፐርኦክሳይድ ነው። ሎሚ ተቀብቶ ጸሐይ ላይ መውጣት በራሱ አደጋ አለው፤ በጭማቂውና በልጣጩ ያሉ ንጥረ ነገሮች ከጸሐይ ጨረር ጋር ሲገናኙ ውኃ የቋጠረ ቁስል ያወጣሉ፤ ቁስሉ ሲድን ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ጠየም ያለ ቆዳ ላይ ማንኛውም ቃጠሎ መጨረሻው ጥቁረት ነው፤ ሊያጠፉት ያሰቡትን ነገር ያበዙታል ማለት ነው።

በፋብሪካ የተዘጋጀ የፓፓይን ማስክ መጠቀም ከፈለጉ በሳምንት ከአንድ ጊዜ አያብዙ፤ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃም አያስበልጡ። በዚያ ምሽት ሬቲኖይድ (የቪታሚን ኤ ዘር የሆነ ቅባት) ወይም ቆዳ የሚልጥ አሲድ አይቀቡ። ላስቲክ ጓንት ወይም ፊኛ ሲነካው የሚያሳክከው፣ የሚያብጠው ሰው ጨርሶ ይተወው፤ የፓፓያ ወተትና የላስቲክ ወተት አለርጂ ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ያልነበራቸው የፓፓይን የቁስል ቅባቶች ከገበያ እንዲወጡ ያዘዘው ደም ግፊት እስከ መጣል የደረሱ ከባድ አለርጂዎች ስለተመዘገቡ ነው።

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ክፍሉን የሊግኒን ፐርኦክሲዴዝ ክሬም ለሦስት ሳምንት ተቀብቼ ምንም አላየሁም። ጠዋትና ማታ ፊቴን በሳሙና ታጥቤ፣ ቪታሚን ሲ ሴረም ቀብቼ፣ ከላይ ክሬሙን አደርጋለሁ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሦስት ሳምንት ገና ነው፤ ይሁንና በዚህ አያያዝ ሦስት ወርም ቢቆዩ ብዙ አያዩም። ሁለት ነገሮች እየተጋጩብዎት ነው።

አንደኛው ሳሙናው ነው። ይህ ኢንዛይም የሚሠራው ፒኤቹ ከ2 እስከ 4.5 በሆነ አሲዳማ ሁኔታ ውስጥ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው ክሬሙ ራሱ አሲዳማ ሆኖ የሚዘጋጀው። የጤነኛ ቆዳ ገጽ 5 አካባቢ ነው። ደረቅ ሳሙና ከ9 እስከ 10 ይደርሳል፤ ከታጠቡ በኋላም ቆዳው ወደ ቦታው ለመመለስ ሰዓታት ይፈጅበታል። በሳሙና ፋንታ አረፋው ያልበዛ፣ ፒኤቹ 5.5 አካባቢ የሆነ የፊት ማጽጃ ይጠቀሙ፤ በደንብ ያለቅልቁት፤ በንጹሕ ፎጣ ሳያሹ መታ መታ አድርገው ያድርቁት።

ሁለተኛው ቪታሚን ሲው ነው። ኢንዛይሙ ብቻውን አይሠራም፤ የሚያንቀሳቅሰው ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ያለው ጥቂት ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ነው። ሜላኒኑን የሚያፈርሰው ኦክሳይድ በማድረግ ነው። ቪታሚን ሲ ደግሞ ሙያው ይህንኑ ኦክሳይድ ማድረግ መከላከል ነው። አንዱን በአንዱ ላይ ሲደርቡ ሁለቱንም ያጠፋሉ። ቪታሚን ሲውን መተው ካልፈለጉ ጠዋት ያድርጉትና ኢንዛይሙን ለማታ ብቻ ያቆዩ፤ ወይም ክሬሙ በቀን ሁለቴ ይቀባ የሚል ከሆነ ሴረሙን ለሦስቱ ወራት ያሳርፉት። ሁለተኛውን ምርጫ እንመርጣለን፤ ሁለቱን እያቀላቀሉ የትኛው እንደሠራ ማወቅ አይቻልም።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ፊትዎ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ከሁለቱ ክፍሎች የአተር ፍሬ የሚያህል ያውጡ። ሁለቱ ክፍሎች አንድ ላይ በሚወጡበት ፓምፕ ከሆነ መዳፍዎ ላይ አዋሕደው ወዲያው ይቀቡ፤ ለየብቻ ከሆኑ በማሸጊያው ቅደም ተከተል አንዱን በአንዱ ላይ ይደርቡ። አስቀድሞ ቀላቅሎ ማስቀመጥ አይሆንም፤ ሥራው መዳፍዎ ላይ ተጀምሮ ዕቃው ውስጥ ያልቃል። ዓይን ዙሪያንና ከንፈርን ይተዉ። ሌላ ቅባት ከመደረብዎ በፊት ክሬሙ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ጠዋት ከሆነ መጨረሻ የሚቀባው የጸሐይ መከላከያ ነው።

«ፐርኦክሳይድ ጨመር ባደርግስ?» የሚሉም አሉ። አይጨምሩ። ፐርኦክሳይድ ሲበዛ ኢንዛይሙ ራሱ ታንቆ ይቆማል። ቆዳም ካታሌዝ የሚባል የራሱ ኢንዛይም አለውና የተቀባውን ፐርኦክሳይድ ወደ ውኃና ኦክሲጅን ይለውጠዋል። ክሬሙ የሚሠራው ለአጭር ጊዜ መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጉዳቱ የቀነሰውም ለዚሁ ነው።

ዕቃውን ከሙቀትና ከብርሃን ያርቁ። መኪና ውስጥ አንድ ቀን የዋለ ክሬም መልኩ ባይለወጥም ኢንዛይሙ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ለውጡን ለመከታተል በየአራት ሳምንቱ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ ይነሡ። መስታወት በየቀኑ ማየት አይጠቅምም፤ ዓይን ትናንት የነበረውን አያስታውስም። በ12ኛው ሳምንት ፎቶዎቹ ተመሳሳይ ከሆኑ ሌላ ጠርሙስ አይግዙ።

ከመጀመርዎ በፊት መሞከር ነበረብዎት፤ አሁንም አዲስ ነገር ሲጀምሩ ክንድዎ ውስጠኛ ገጽ ላይ ሳንቲም የምታህል ቦታ መርጠው በቀን ሁለቴ ለሰባት ቀን ይቀቡ። አንድ ቀን ብቻ ቀብቶ «ምንም አላለኝም» ማለት አለርጂን አይለይም፤ አለርጂ ብዙ ጊዜ ቀናት ቆይቶ ነው የሚወጣው።

ጥያቄ፦ የገዛሁት «ኢንዛይም» ክሬም በአምስት ቀን ፊቴን አነጣው። ጥሩ ነው ወይስ ሊያሠጋኝ ይገባል?

መልስ፦ ሊያሠጋዎት ይገባል። ከላይ እንዳልነው ቀለም የተሸከመ ሕዋስ እስኪረግፍ አራት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በአምስት ቀን ፊት የሚያነጣ ነገር ወይ ቆዳውን እየላጠ ነው፣ ወይ ሜርኩሪ አለበት፣ ወይ ጠንካራ ስቴሮይድ አለበት።

ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ብዙ ጊዜ የሚገዛበት ዕቃ ላይ የውስጡ ዝርዝር የለም። ካለም «ካሎሜል»፣ «ሜርኩሪክ» ወይም «ሜርኩሪዮ» የሚሉ ቃላት ይፈልጉ። ከወርቅ፣ ከብር፣ ከአልሙኒየምና ከጎማ ያርቁ የሚል ማስጠንቀቂያ ካለበት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም። ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ በፎጣና በትራስ ልብስ ወደ ሕፃናትም ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸውን መዋቢያዎች ማምረትንና መነገድን ከ2020 ጀምሮ ከልክሏል። ክሬሙን ያቁሙ፤ በፌስታል ጠቅልለው ያስቀምጡና ሐኪም ጋ ይዘውት ይሂዱ፤ የሽንት ምርመራ ይጠይቁ።

ስቴሮይድ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እንደ ክሎቤታሶል ያለው ሲቀባ ፊት ይለሰልሳል፣ ብጉር ይጠፋል፣ ሁሉ ነገር ያማረ ይመስላል። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፤ ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ፤ ጸጉር ይበዛል። ሲያቆሙት ደግሞ ፊት በአንድ ጊዜ ቀልቶ ያብጣል፤ ሰው ያን ፈርቶ መልሶ ይቀባዋል። ለሳምንታት ከተቀቡ በራስዎ በአንዴ አያቁሙ፤ የቆዳ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንስዎታል።

ጥያቄ፦ ኢንዛይሙ ቆዳን የማያልፍ ከሆነ በመርፌ ቢሰጥስ? አንድ የውበት ቤት ይህን አገልግሎት እንደሚሰጥ ነግሮኛል።

መልስ፦ አይሞክሩት። የፈንገስ ፕሮቲን በመርፌ ወደ ሰውነት ሲገባ ሰውነት እንደ ባዕድ ይቆጥረዋል፤ አለርጂው እስከ ትንፋሽ ማጠር ሊያደርስ ይችላል። ኢንዛይሙ እንዲሠራ ፐርኦክሳይድና አሲድም አብረው መግባት አለባቸው፤ ሁለቱም ሕያው ሥጋን ይጎዳሉ። ምናልባት የነገሩዎት ስለ ሃያሉሮኒዴዝ ይሆናል። እሱ በመርፌ የሚሰጥ እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን የሚያሟሟው ፊት ላይ የተሞላን የሃያሉሮኒክ አሲድ ሙሌት ነው እንጂ ቀለምን አይነካም። ንቅሳትንም እንዲሁ፤ የንቅሳት ቀለም ሜላኒን ስላልሆነ የትኛውም ኢንዛይም ክሬም አያነሣውም።

ጥያቄ፦ አንገቴ ዙሪያና ብብቴ ጠቁሮ ወፈር ብሏል፣ ብፈትገውም አይለቅም። የትኛው ኢንዛይም ይሻለኛል?

መልስ፦ የትኛውም። መታጠፊያ ላይ የሚወጣ፣ ሲዳስሱት ከፋይ ጨርቅ የሚመስል ጥቁረት ብዙ ጊዜ ከኢንሱሊን ጋር የተያያዘ ነው። መፈተጉን ይተዉት፤ ያጠቁረዋል። የስኳር ምርመራ ያድርጉ፤ ክብደት ከመጠን ያለፈ ከሆነ ሲቀንስ ጥቁረቱም ይሳሳል። በዚሁ አጋጣሚ፣ ማርያም የሳመችኝ የሚባለው ዓይነት ምልክት ላይም ኢንዛይም አይቀባም። ጠርዙ የተዛባ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር የሰፋ ወይም በቅርብ የተለወጠ ከሆነ ሐኪም ሳያየው ምንም አያድርጉበት።

ጥያቄ፦ አራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ማዲያት ወጣብኝ። ኢንዛይሙ ካልሆነ ምን ልቀባ? ከወለድኩ በኋላስ?

መልስ፦ አሁን ዋናው ነገር የጸሐይ መከላከያ ነው፤ አመራረጡ ግን ይለያል። ጠየም ያለን ቆዳ የሚያጠቁረው የማይታየው ጨረር ብቻ ሳይሆን የሚታየው ብርሃንም ነው። ነጩ ወይም ግልጹ መከላከያ ይህን ብርሃን በደንብ አያግደውም። መከላከያ ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ አይረን ኦክሳይድ ያለበትና ቆዳ መሰል ቀለም ያለው ይምረጡ። ለፊትና ለአንገት በመሐል ጣትና በሌባ ጣት ርዝመት ልክ ሁለት መስመር ያውጡ፤ ብዙ ሰው የዚህን ሩብ ቀብቶ አልሠራም ይላል። ውጭ ከሆኑ በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት።

ከቅባቶቹ በእርግዝና ወቅት ሐኪሞች የሚፈቅዱት ከ15 እስከ 20 በመቶ የሆነ አዜላይክ አሲድ ነው፤ ሐኪምዎን ጠይቀው በቀን ሁለቴ። ከ4 እስከ 5 በመቶ የሆነ ኒያሲናማይድም ይቻላል፤ ይህኛው ቀለም መመረቱን ባያግድም ወደ ሌሎች ሕዋሳት መተላለፉን ይቀንሳል። ሬቲኖይድ፣ ሃይድሮኪኖንና የሚዋጥ ትራኔክሳሚክ አሲድ አሁን አይነኩም።

ከወለዱ በኋላ ጥቂት ወራት ይታገሱ፤ የእርግዝና ማዲያት ብዙ ጊዜ በራሱ ይሳሳል። ከቀረ የሚሠሩት መድኃኒቶች ኢንዛይም የሚጨምሩ ሳይሆኑ የቆዳን የራሱን ኢንዛይም የሚያግዱ ናቸው። ሜላኒን የሚያመርተው ታይሮሲኔዝ የሚባል መዳብ ያለበት ኢንዛይም ነው። ሃይድሮኪኖን፣ አዜላይክ አሲድና ኮጂክ አሲድ ይህን ነው የሚይዙት፤ ሞለኪውሎቻቸው ትንንሽ ስለሆኑም ቆዳውን ያልፋሉ። ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዙት 4 በመቶ ሃይድሮኪኖን፣ 0.05 በመቶ ትሬቲኖይን (ከሬቲኖይዶች አንዱ) እና ለስላሳ ስቴሮይድ ያለበትን ባለ ሦስት ውሕድ ነው፤ ማታ ማታ፣ ለሳምንታት፣ በክትትል። ጡት እያጠቡ ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። ሃይድሮኪኖን ያለ ገደብ ለዓመታት ሲቀባ ሰማያዊ ጥቁር የሆነ፣ የማይለቅ ጠባሳ መሰል ቀለም ይተዋል፤ በአውሮፓ ኅብረት ከቆዳ መዋቢያዎች የወጣው፣ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ያለ ሐኪም ማዘዣ የማይሸጠው በዚህና በመሰል ሥጋቶች ነው። ውሕዱን ሲጨርሱ ሐኪሙ ወደ አዜላይክ አሲድ ያሸጋግርዎታል፤ የጸሐይ መከላከያው ግን አይቋረጥም፤ ያቋረጡት ዕለት ማዲያቱ መመለስ ይጀምራል።